ድምፅ የሌለው ድርሻ

አቶ ተክለወልድ ባልባላ ሰፈር ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ የተሳፈሩባት ሚኒባስ መሀል መንገድ ላይ ፈልታ ቆመች። በጅቡቲ የነሐሴ ቀትር «ውረዱ» የሚል ሰው ዘመድ አይባልም፤ ሾፌሩ ግን ምን ያድርግ፣ የሞተሩን እንፋሎት በፎጣው እያራገበ ተሳፋሪውን አወረደ። ሰዉም ግማሹ በሶማልኛ፣ ግማሹ በአፋርኛ፣ የቀረው በአማርኛ እያጉረመረመ ጥላ ፍለጋ ተበታተነ።

አቶ ተክለወልድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸው ደረጃ የማይወድላቸው፣ ሸሚዛቸው ግን አንድም ቀን ተጨማዶ የማያውቅ ሰው ናቸው። ለነገሩ ልብስ አጥቦ አዳሪ ሸሚዙ ከተጨማደደ ማን አምኖ ልብሱን ይሰጠዋል? ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት የእሳቸው ነው። አባታቸው በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ ቀሩ፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸበቱ። የሆቴሉ አንሶላ፣ የወደብ ሠራተኛው ቱታ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ የሚመጣው የከባድ መኪና ሾፌር ልብስ፣ ሁሉም በእሳቸው ደጅ ያልፋል።

መንገድ ዳር ካለች የሻይ ዳስ ጥላ ሲገቡ አንዲት ወጣት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ ተክለወልድ። ይቀመጡ።»

«አብሮ ይስጥልን፣ ልጄ። ኧረ በእግዚአብሔር አትነሺ። ቆይ… የበእምነት ልጅ አይደለሽም? ፅዮናዊት?»

«ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንዲያው አድገሽ አድገሽ! አባትሽን ነፍሱን ይማርና፣ እንደ ወንድሜ ነበር። እናትሽ ደኅና ናት? ትምህርቱስ አለቀ?»

ትምህርቱ ካለቀ ቆይቷል። ፅዮናዊት የንግድ አስተዳደር ተምራ፣ ሰዎች ተሰባስበው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያቋቁሙ ደንባቸውን በማዘጋጀት የሚረዳ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። በዚያ ቀንም ባልባላ የልብስ ስፌት ሴቶችን አነጋግራ መመለሷ ነበር። ይህንን እየተናገረች ሻይ አዘዘችላቸው፤ ቀጥላም የልብስ ማጠቢያው ቤት እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው።

አቶ ተክለወልድ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ልዘጋው ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ። ጎማ ነጋዴው ዓብዱልጀሊል፣ ጎረቤቴ፣ ታውቂዋለሽ፤ እሱ ቤቱን ለመጋዘን ይፈልገዋል። ማሽኖቹን ደግሞ የሚገዛ አይጠፋም። ገና አልተፈራረምንም እንጂ ነገሩ አልቋል።»

«ሴቶቹስ?»

ይህች ጥያቄ ናት አቶ ተክለወልድን ከሰሞኑ እህል የነሳቻቸው። ስድስት ሴቶች ከእሳቸው ጋር ይሠራሉ። አብዛኞቹ ወደዚህ ከተማ የመጡት ሰው ቤት ለማገልገል ነው፤ የልብስ ተኳሾቹ አለቃ ሰብለወርቅ እንኳ የሰው ልጅ ስታሳድግ፣ የሰው ማድ ቤት ወለል ላይ ስትተኛ ዓመታት ያሳለፈች ናት። ዛሬ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከልጇ ጋር የራሷን ክፍል ተከራይታ፣ የራሷን በር ከውስጥ ቆልፋ ታድራለች። ቤቱ ከተዘጋ በሩም ክፍሉም መቅረቱ ነው፤ ሰው ቤት የሚገባ ሠራተኛ ልጅ ይዞ አይገባም።

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አሉ አቶ ተክለወልድ፣ ዓይናቸውን ከሻዩ ሳያነሱ። «ወደ ሰው ቤት ይመለሱ ይሆናል። እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ ፊታቸውን ማየት ከብዶኛል።»

«ለምን ለእነሱ አይለቁላቸውም?»

«በምናቸው ይገዙታል?»

«በማኅበር። የቤቱ ባለቤት ራሳቸው ሠራተኞቹ ይሆናሉ።»

አቶ ተክለወልድ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የኔ ልጅ፣ አባትሽን ስለማከብር ነው እንጂ እዚሁ ላይ ወሬያችንን ባቆምን ነበር። ማኅበር የሚባል ነገር አታንሺብኝ። እኔ የማኅበርን መጨረሻ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሰው አንድ ጊዜ የደረሰበትን ይዞ ሁሉን በዚያው መስፈሩ የተለመደ ነው፤ መጥፎው ነገር ግን የትኛው ጎኑ እንደ ነከሰው ሳይመረምር ዕድሜውን መጨረሱ ነው። ፅዮናዊት ይህን ታውቃለችና አልተከራከረቻቸውም። «እስቲ ይንገሩኝ፣ ጋሼ» አለች።

«በአባቴ ጊዜ የባቡር ሠራተኛው የኅብረት ሱቅ ነበረው። ስኳሩ፣ ዱቄቱ፣ ዘይቱ ከሌላው ረከስ ያለ ነበር። ሁሉም አቅሙ የፈቀደውን ያህል ድርሻ ገዛ። ታዲያ ሰው ልጁን ሲድር፣ ሬሳ ወደ አገር ቤት ሲልክ ይቸግረዋል፤ ድርሻውን ይሸጣል። የሚገዛው ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ የተከበረ፣ ሁሉ የሚነሳለት ሰው። ለችግራችን ደረሰ ተብሎ ተመረቀ እኮ! ወዲያው አንድ ማለዳ ብንሄድ ቁልፉ ተቀይሯል። ሱቁ የእሱ ሆነ። ዋጋውም ከውጪው በለጠ። አባቴ እስኪሞት ድረስ በዚያ ደጅ አላለፈም።»

«ያሳዝናል። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ የሱቁ ባለቤት ማን ነበር? የሚሸጠው ነው የሚገዛው?»

«የሚገዛው ነዋ። ሱቁ የገዢዎቹ ነበር።»

«ድምፅ የሚሰጠውስ እንዴት ነበር?»

«በድርሻው ልክ ነዋ። አንድ ያለው አንዴ፣ ዐሥር ያለው ዐሥር ጊዜ። ይኼማ ትክክል ነው፤ ብዙ ያወጣ ብዙ ይናገራል።»

«ድርሻውንም ለፈለገው መሸጥ ይችላል?»

«የራሱ አይደል? ይችላል።»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ሱቁን የገደለው ማኅበር መሆኑ አይደለም። አሠራሩ ነው። ማኅበር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምኮ።»

«ደግሞ ስንት ዓይነት ሊሆን ነው?»

ፅዮናዊት ወንበሯን ጠጋ አደረገች። መማር ማለት የተማሩትን ቃል መደርደር ሳይሆን ሰሚው በሚያውቀው ነገር ማስረዳት ነው፤ እሷም ፈረንሳይኛዋን ትታ የከተማዋን ሰው ምሳሌ አደረገች።

«የእርስዎ ሱቅ የገዢዎች ማኅበር ነው። ባለቤቱ ሸማቹ ነውና ዓላማው ዕቃ እንዲረክስ ነው። ሌላው የአምራቾች ነው። ዓሣ አጥማጆችን ያስቡ፦ ጀልባው የየራሳቸው ነው፤ በረዶ ቤቱንና መሸጫውን ግን በጋራ ቢያቆሙ፣ ነጋዴ በየተራ እየጠራ ዋጋ አይሰብርባቸውም። ሦስተኛው የሠራተኞች ማኅበር ነው፤ የሚሠራው ነው ባለቤቱ፣ ሲያተርፍም የሚካፈለው በሠራው ልክ ነው። እንደገና ደግሞ ድብልቅ አለ፤ ሠራተኛውም፣ ደንበኛውም፣ ገንዘብ ያዋጣውም በየወንበሩ ይቀመጣል።»

«ይኼ ሁሉ ለእኔ ልብስ ማጠቢያ?»

«ለእርስዎ የሚስማማውን ለማወቅ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ ቤቱ ቢዘጋ ጦሙን የሚያድረው ማን ነው?»

አቶ ተክለወልድ አሰቡ። ሆቴሉ አንሶላውን ሌላ ቦታ ይሰጣል። ሾፌሩ ልብሱን በገዛ እጁ ያለቀልቃል፣ ዓብዱልጀሊልም ጎማውን የትም ይከምራል። የቀሩት ሴቶቹ ናቸው።

«ሴቶቹ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ባለቤትነቱም የእነሱ ቢሆን ይሻላል። ስለ ቤቱ ከእነሱ በላይ የሚጨነቅ አይገኝም።»

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ። ስድስት ሰው እኩል ሲያዝ ማን ይታዘዛል? አንዷ ዛሬ ይታጠብ፣ አንዷ ነገ ይታጠብ እያሉ ልብሱ እንደ ተዘፈዘፈ ቀረ ማለት ነው።»

«ጋሼ፣ የእድራችን ሊቀ መንበር ማን ነው?»

«አውቀሽ ትጠይቂኛለሽ? እኔ ነኝ።»

«በእድሩ ስብሰባ ትልቁ ነጋዴ ስንት ድምፅ አለው? ሻይ የምትሸጠው እናትስ?»

«አንድ አንድ ነው። እድር ውስጥ ሀብታምና ድሃ የለም፤ መዋጮው እኩል፣ ቃሉ እኩል።»

«ድንኳኑ የማን ነው? እኔ ነገ ከእድሩ ብወጣ ከድንኳኑ ቀድጄ እወስዳለሁ?»

አቶ ተክለወልድ ሳያስቡት ሳቁ። «አንቺ ልጅ ነገረኛ ወጥቶሻል። ድንኳኑ የሁሉም ነው፤ የማንም አይደለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ሰው እየታዘዘልዎት አይደለም እንዴ ያስተዳደሩት? የመረጡትን ሰው ይታዘዛሉ፤ ካጠፋም ያወርዱታል። የሠራተኞች ማኅበርም ይኸው ነው።»

«እሱ ለለቅሶ ነው» አሉ አቶ ተክለወልድ። «ለቅሶ ሰውን ያለዝበዋል። ንግድ ግን ሌላ ነው፤ ንግድ ሲባል ወንድምም ይካካዳል።»

በዚህ መሀል ሌላ ሚኒባስ መጣች። ክርክሩ ሳይቋጭ ተሳፈሩ። ሆኖም አቶ ተክለወልድ ሊወርዱ ሲሉ ዞር ብለው፣ «ዓርብ ቤቱ ዝግ ነው፤ ሴቶቹን እጠራቸዋለሁ። መጥተሽ ለእነሱ ንገሪያቸው። እኔ ግን አላመንኩም» አሏት። ያላመነ ሰው ቀጠሮ መስጠቱ ራሱ የመለሳለስ መጀመሪያ ነው።

ቤታቸው ሲደርሱ ነገሩን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ወርቅነሽ አጫወቱ። ወይዘሮ ወርቅነሽ ነገር የማያስረዝሙ ሴት ናቸው።

«አንተ ሰውዬ» አሉ፣ «ሰሞኑን የምግብ ፍላጎትህን የዘጋው ጉልበትህ መሰለህ? ሰብለወርቅን ‹ሂጂ› ማለት አቅቶህ ነው። ሂጂ ማለት ካቃተህ ቤቱን ስጣትና ተገላገል።»

«እንዲህ በቀላሉ ይሰጣል?»

«እኔ ምን አውቄ። የበእምነት ልጅ ታውቅበታለች አላልክም?»

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ በመተኮሻ ጠረጴዛዎቹ መካከል ተቀመጡ። ማሽኖቹ ዝም ስላሉ የጎዳናው ድምፅ ሁሉ ይሰማ ነበር። ሰብለወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ከፊት፣ ማሽኖቹን የምታንቀሳቅሰው የድሬዳዋዋ ሙኒራ ከበሩ ጥግ፣ የቀሩት በመካከል። አቶ ተክለወልድ ቤቱን ሊለቁ ማሰባቸውን ሲናገሩ ማንም አልጮኸም። ሰብለወርቅ ብቻ መሬት መሬት እያየች፣ «ሰምተናል፣ ጋሼ። እግዚአብሔር ያለው ይሆናል» አለች። ቀድመው ሰምተው ኖሮ ለካ ሁሉም በየሆዳቸው ይዘውት ነው የከረሙት።

ፅዮናዊት ተነስታ የማኅበርን ዓይነት አስረዳች። ሴቶቹ መጀመሪያ እየፈሩ፣ ኋላ እየደፈሩ ጠየቋት። አንዷ መሥራት ቢያቅታት ምን ይሆናል? ያዋጣችውን ታወጣለች እንጂ ድርሻዋን ለውጪ ሰው አትሸጥም። ትርፉ ሁሉ ይከፋፈላል? አይከፋፈልም፤ ማሽን ሲሰበር የሚጠገንበት መጠባበቂያ እንደ እድር ድንኳን ሳይነካ ይቀመጣል፣ ማንም ሲወጣ ከእሱ አይቆርስም። አቶ ተክለወልድም በሚያውቁት ነገር ስለ ተነገራቸው እየተመቻቸው መጣ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ እኔ ጨካኝ አይደለሁም። ለዓብዱልጀሊል ይቅርብህ እለዋለሁ። ቤቱን አከራያችኋለሁ፤ ማሽኖቼንም ለማኅበሩ አስገባለሁ፣ ዋጋቸውን ቀስ እያላችሁ ትከፍሉኛላችሁ። ታዲያ ሁሉ ነገር የኔ ነውና ከድምፁ ግማሹ ለኔ፣ ግማሹ ለእናንተ ለስድስታችሁ ይሁን። ተስማማችሁ?»

«ኧረ እርስዎ እንዳሉ፣ ጋሼ» አለች ሰብለወርቅ ፈጥና። «እርስዎ እያሉ እኛ ምን ቃል አለን።» ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ተክለወልድ ከልባቸው ቸርነት ያደረጉ መስሏቸው ነበር፤ እንዲያውም ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር።

ፅዮናዊት ብቻ ብዕሯን ታገላብጥ ጀመር። ኋላም፣ «እንግዲያውስ ዛሬውኑ አንድ ነገር እንደ ማኅበር ወስነን እንሞክር» አለች። «የሚወሰን ነገር አለ?»

«አለ እንጂ!» አሉ አቶ ተክለወልድ። «አዲሱ ሆቴል የአንሶላውንና የፎጣውን ሥራ በሙሉ ልስጣችሁ ብሎኛል። እኔ እንቀበለው ባይ ነኝ። የተስማማ እጁን ያንሳ።» ብለው የራሳቸውን አነሱ።

ሴቶቹ ወደ አቶ ተክለወልድ እጅ ሳይሆን ወደ ፊታቸው ተመለከቱ። የሰብለወርቅ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የሌሎቹ ወጣ። የሙኒራ እጅ ግን እስከ ጆሮዋ ደርሶ ተመለሰ፤ መልሶ ደግሞ ወጣ።

«ምነው ሙኒራ፣ እጅሽ ደከመ እንዴ?» አሉ አቶ ተክለወልድ እየቀለዱ።

«ይቅርታ ያርጉልኝ፣ ጋሼ።»

«ምንም ይቅርታ የለው፤ ተናገሪ።»

ሙኒራ ሰብለወርቅን አየቻት። ሰብለወርቅ ዓይኗን አሸሸች።

«መብራት ሲጠፋ ማድረቂያው ይቆማል» አለች ሙኒራ። «ጣራ ላይ ስናሰጣው ደግሞ በክረምቱ ንፋስ አቧራ ይለብሳል። ያጠብነውን መልሰን እናጥባለን። አሁን ያለውን እንኳ በግድ ነው የምናደርሰው፤ የሆቴሉ ሲጨመር ሁሉንም እናበላሻለን። ጄነሬተር ካልተገዛ አይቻልም።»

«መልሳችሁ ታጥባላችሁ? ይኼ መቼ ነው የጀመረው?»

«ሁልጊዜም በክረምት ነው።»

አቶ ተክለወልድ ወደ ሰብለወርቅ ዞሩ። «አንቺም ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ሁላችሁም?»

ዝም አሉ። ዝምታቸው አዎ ነው።

«ታዲያ ምን ሆናችሁ እጃችሁን አነሳችሁ?» አሉ፤ ከቁጣው ግራ መጋባቱ በልጦባቸው ነበር።

«እንዴት እንበል?» አለች ሰብለወርቅ። «በእርስዎ እኮ ነው ሰው የሆንነው። ደስ ብሎዎት ሲያወሩ አይሆንም ማለት ነውር መሰለን።»

ያን ጊዜ ፅዮናዊት በተራዋ ተናገረች፤ ፊቷ ቀልቶ ነበር። «እኔም ከእነሱ አልሻልም፣ ጋሼ። ደንቡን ቤት ሆኜ ስነድፍ፣ እርስዎ ሳይጠይቁኝ፣ ግማሹን ድምፅ ለእርስዎ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ያለ ደንብ ሌላ ሰው ቢያመጣልኝ ‹ይህ አይሆንም› እል ነበር። የአባቴን ወዳጅ ‹እርስዎ ድምፅ አይኖርዎትም› ማለት አቃተኝ። ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይሉኝታ! ይህች ጠባይ ሰውን ከሰው ጋር አስተዛዝና የምታኖር ደግ ነገር ናት፤ ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት አይሆንም። ዳሩ ግን ሐሳብ በሚሰጥበት ወንበር ላይ ከተቀመጠች ቤት ታፈርሳለች። ትልቅ ሰው ሳያውቅ ያጠፋል፤ ታናሹም እያወቀ ያጨበጭብለታል። በአገራችን ስንቱ ማኅበር በሌባ ፈረሰ ሲባል በይሉኝታ መፍረሱን ማን ይመሰክራል?

አቶ ተክለወልድ ቀጥሎ የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር።

«ያ ሰውዬ… ያ ሱቃችንን የወሰደው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሌባ ነው ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው ግን አንድ ቀን እንኳ ‹አይሆንም› ያለው ሰው አልነበረም። ሲገባ እንነሳለታለን፣ ሲናገር እንዳሉ እንላለን፣ ድርሻችንን ሲወስድ እንመርቀዋለን። እሱም እየተመረቀ ወሰደው።» ቀና ብለው ሴቶቹን አዩ። «ግማሹን ድምፅ ለኔ ብላችሁ ብትሰጡኝ እናንተ ስድስት ብትሆኑም የኔን እጅ ተከትላችሁ ነው የምታነሱት። እኔ ደግሞ ነገ እሞታለሁ፤ ድምፁን ማን ይወርሰዋል? የኔ ወራሽ ደግ ይሁን ክፉ በምን ይታወቃል? አይሆንም። ተይው፣ ፅዮናዊት። ድምፁን አልፈልግም።»

«ኧረ ጋሼ!» አሉ ሴቶቹ።

«ዝም በሉ። አሁን እንኳ አንድ ጊዜ ልክ ልሁን።»

ሁሉም ሳቁ፤ የቤቱ አየር ቀለለ። ነገር ግን ፅዮናዊት አልተቻኮለችም። «ድምፅ አይኑርዎት ማለት ሀብትዎ ይጥፋ ማለት አይደለም» አለች። «ለዚህም ዓይነት አለው፤ ድምፅ የሌለው ድርሻ ይባላል። ማሽኖችዎ በማኅበሩ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ይሆናሉ። ትርፍ ሲገኝ፣ አባላቱ ከመካፈላቸው በፊት የእርስዎ ይወጣል። ዋጋቸው ተከፍሎ እስኪያልቅ ደግሞ ያለ እርስዎ ፈቃድ ማሽን አይሸጥም። ምን ይታጠብ፣ ማን ይቀጠር፣ ማን ይምራ የሚለውን ግን የሚሠሩት ናቸው የሚወስኑት።»

«ስብሰባ መግባትስ?»

«ይገባሉ፤ ይመክራሉም። እጅ አያነሱም እንጂ።»

«ይኼማ ለሽማግሌ የሚገባ ወንበር ነው» አሉ አቶ ተክለወልድ።

ሰብለወርቅ ከይሉኝታዋ ጋር እየታገለች ቃል አወጣች። «አንድ ነገር እኔም አለኝ። ሥራው ቢበዛና ሌላ ሰው ብንቀጥርስ? እሷ ደመወዝተኛ፣ እኛ እመቤት ልንሆን ነው? እኔ እመቤት መሆን አልፈልግም። እመቤት ምን እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ይኼ የብዙ ማኅበር በሽታ ነው፣ ሰብለወርቅ» አለች ፅዮናዊት። «መጀመሪያ የገቡት በሩን ዘግተው አሠሪ ይሆናሉ፤ ማኅበሩም ስሙ ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አዲስ ሰው መጥታ የሙከራ ጊዜዋን ከጨረሰች፣ መዋጮዋን ከደመወዟ በጥቂት በጥቂቱ እየሰጠች አባል ትሆናለች። ድምፅዋም እንደ እናንተው አንድ ነው።»

«እንዲህ ከሆነ እኔ አለሁበት» አለች ሰብለወርቅ። የሆቴሉም ጉዳይ እንደገና ቀርቦ፣ ጄነሬተር እስኪገዛ ይቆይ ተባለ፤ ስድስት እጅ ወጣ። አቶ ተክለወልድ የራሳቸውን እጅ ወደ ኪሳቸው ከተው አዩ።

ለዓብዱልጀሊል መንገር ግን አልቀረላቸውም። ቃል ማጠፍ ለእሳቸው ቀላል አልነበረምና አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሄዱት። ዓብዱልጀሊል በተከመሩ ጎማዎች መካከል ቁጭ ብሎ ሰማቸውና፣ «ወላሂ ገላገልከኝ» አላቸው በዚያ በሚጥም ስብርብር አማርኛው። «ጎማ ፀሐይም ላይ ያድራል። እኔ የጨነቀኝ ሸሚዜን የት አሳጥባለሁ የሚለው ነበር።»

ክረምቱ አልፎ ደጉ የጥር አየር ሲመጣ፣ የልብስ ማጠቢያው ቤት ሌላ ቤት መስሎ ነበር። ጄነሬተሩ ተገዝቷል፤ አንሶላ መልሶ ማጠብ ቀርቷል። ቀድሞ «የጋሼ ሳሙና» ሲባል እንደ ውኃ ይፈስ የነበረው ሳሙና ዛሬ «ሳሙናችን» ተብሎ ይቆጠባል። ደንበኛ ቅሬታ ሲያመጣ ማንም ወደ ማንም አይጠቁምም፤ የተቀበለችው ራሷ ትመልሳለች፣ ቤቱ ቤቷ ነዋ። ሁለት አዲስ ሴቶች ከሰው ቤት ወጥተው ገብተዋል፤ አንደኛዋ የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ አባል ሆናለች። ባለቤትነት ሰውን በአንድ ቀን ብልህ አያደርገውም፤ ይጣላሉ፣ ይኳረፋሉ፣ በስብሰባ ይጯጯኻሉ። ቢሆንም በገዛ ቤታቸው ነው የሚጯጯኹት። ለድርሻቸው የሚደርሳቸውን አቶ ተክለወልድ በየጊዜው ያገኛሉ፤ ኪራያቸውም ቀርቶባቸው አያውቅም። ጎማ ቢከመርበት ከዚህ የበለጠ አያገኙም ነበር፤ ሰላምታ ደግሞ ጎማ አይሰጥም።

በዚያው ወር ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። አቶ ተክለወልድም ያን የሽማግሌ ወንበራቸውን ይዘው ነበር፤ ፅዮናዊትም ደንቡን ያዘጋጀች ናትና ተጋብዛ መጥታለች። ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ እሳቸው እጃቸውን ሳይሆን ጣታቸውን አነሱ።

«አንድ ልመና አለኝ፣ ልጆቼ። የእህቴ ልጅ ልደቱ፣ ታውቁታላችሁ፣ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የተማረ ነው፤ ሂሳብም ይችላል። ሥራ አስኪያጅ አድርጋችሁ ብትይዙልኝ እኔም አርፋለሁ፤ እናንተም ትጠቀማላችሁ።»

አንዷ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ ሌላዋ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥር ጀመር። ሙኒራ ሰብለወርቅን አየቻት። ሰብለወርቅ ሊቀ መንበር ሆና ተመርጣ ነበርና መልሱ ከእሷ ይጠበቅ ነበር። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች። «ልደቱ ከፈለገ ይምጣና እንደ ማንኛችንም መተኮሱን ይማር። የሙከራ ጊዜውን ይጨርስ፣ አባል ይሁን። ያኔ ይችላል ብለን ካመንን እንመርጠዋለን፤ ካላመንን አንመርጠውም። በእርስዎ ስም ግን ማንንም አንሾምም። ይቅርታ ያድርጉልን።»

አቶ ተክለወልድ መጀመሪያ ፊታቸው ጋለ። ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ የዚህን ቤት እያንዳንዱን ጡብ እሳቸው አስቀምጠው፣ በገዛ ደጃቸው እምቢ ሲባሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ለአፍታ ያህል ልባቸው «እኔን?» አለ። ቀጥሎ ግን ሰብለወርቅን በደንብ አዩአት። ዓይኗን አላሸሸችም። አክብራቸዋለች፣ ወድዳቸዋለች፣ ደግሞም እምቢ ብላቸዋለች። ይህቺ ናት እንግዲህ የሰው ማድ ቤት ወለል ላይ ትተኛ የነበረችው ልጅ ሲሉ አሰቡና ደረታቸው ሞላ።

«ልክ ብለሻል፣ ልጄ» አሉ። «እነግረዋለሁ።»

ሲወጡ ፅዮናዊት እስከ በሩ ሸኘቻቸው። «አዘኑ እንዴ፣ ጋሼ?» አለቻቸው።

«አባቴ አንዲት እንደሷ ያለች ሴት በዚያ ሱቅ ውስጥ ብትኖርለት ኖሮ» አሏት፣ «ስኳራችንን እስከ ዛሬ በገዛ ቤታችን እንገዛ ነበር።»

ከዚያ በጥላው በኩል ቀስ እያሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወይዘሮ ወርቅነሽ በር ላይ ተቀበሏቸው።

«ምን አሉህ? ልደቱን ያዙልህ?»

«እምቢ አሉኝ» አሉ አቶ ተክለወልድ፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ።

«ማን ነው እምቢ ያለህ?»

«ሰብለወርቅ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩአቸው። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ እምቢ ተብለው እንዲህ ደስ ሲላቸው አይተው አያውቁም።

«እሰይ» አሉ። «በል እጅህን ታጠብና ምሳህን ብላ።»